ደጅ ጠኚው የደጃዝማች ልጅ

ጋሽ ይልማ ማረፉን የነገረችኝ ታናሽ እህቱ ናት። ከአዲስ አበባ ደውላ፣ ከምሳ በኋላ እሷ ቤት ጋደም እንዳለ በዚያው እንደቀረ ስትነግረኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል «ተመስገን» የሚል ነበር።  ወንድሟ የሞተባትን ሰው ማጽናናት ሲገባኝ ምን ነካኝ ብዬ ምላሴን ነከስኩ። እሷ ግን «እኔም እንደሱ ነው ያልኩት» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ከዓመት በፊት ሞቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አንልም ነበር።

እኔ ጁባ ውስጥ፣ ጀበል አካባቢ ቢሮ ባለው አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት የአስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ጋሽ ይልማ የድርጅቱ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። የሥራ ፈቃድ፣ የመኪና ወረቀት፣ የዕቃ ማስገቢያ ፈቃድ ይዞ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ፊርማ የሚጠብቅና ማህተም የሚያስመታ ሰው ማለት ነው። ስድሳዎቹን አጋምሷል፤ ቀጭን ነው፣ ቁመናው ቀጥ ያለ ነው፣ የጁባ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት እንኳን ኮቱን አያወልቅም። ኮቱ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ በድርድር የተገዛ ሰልባጅ ነው። እሱ ሲለብሰው ግን ተለክቶ የተሰፋለት ይመስላል።

ለሁሉም ሰው «አንቱ» ይላል። ለሥራ አስኪያጁም አንቱ፣ ለሾፌሩም አንቱ፣ በስደት ኢትዮጵያ አድጋ የተመለሰችው ጽዳት ሠራተኛችን ኛቦልንም አንቱ ይላታል። ኛቦል ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ጋሽ ይልማ «እንዴት አደሩ?» ባላት ቁጥር ዕድሜዋ በአሥር ዓመት የጨመረ እንደሚመስላት ነግራኛለች። እሱን ግን አንቱ ማለት ክልክል ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እንደ ወግ አንቱ ስለው፣ በአራት ዓመቱ ሽማግሌዎች ጎንበስ እያሉ አንቱ ይሉት እንደነበርና ያኔ የተባለው ለዕድሜ ልኩ እንደሚበቃው ነገረኝ። እኔን ደግሞ «እሜቴ» ይለኛል። እሜቴ የድሮ የባላባት እመቤቶች መጠሪያ ነው፤ እኔ አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ የቄራ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ተቀይሜ ነበር። በእርግጥም እያሾፈብኝ ነበር፤ ግን በፍቅር ነው።

የደጃዝማች ልጅ መሆኑን ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ከእሱ አይደለም የሰማነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ እንዴት እንደሚመጣ እንጃ፣ ብቻ ይመጣል። የሂሳብ ሠራተኛችን ብሩክ በስልኩ የድሮ ታሪክ ማየት የሚወድ ልጅ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «በእናንተ ጊዜ እኮ ሀገር ሀገር ነበረች ጋሽ ይልማ፤ ክብር ነበረ፣ ወግ ነበረ» አለው።

ጋሽ ይልማ ጉርሻውን ጨርሶ ዋጠና «ልክ ነዎት» አለው። «ያኔ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን የሚነግሩኝ ከበር ውጭ ቆመው ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን፣ ብሩክም ሳቀ። ጋሽ ይልማ አልሳቀም። ስለ ቀረው ጌትነት ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም፤ ስለ ሰፊው መሬት፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ አሽከሮቹ ብዛት አንስቶ አያውቅም። ካነሳም የሚያነሳው ስለ በሩ ነው።

አባቱ አርሲ ውስጥ ብዙ ጋሻ መሬት ነበራቸው። ከግቢያቸው አጥር ውጭ ሁልጊዜ ሰው ነበር። አቤቱታ ያለው ሁሉ ጌታው እስኪያስጠሩት ድረስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት እዚያው ይጠብቃል፤ ደጅ መጥናት የሚባለው ይህ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ የሚለውን ትእዛዝ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያደርሰው አጋፋሪ ነው። አባቱ፣ ልጄ ሰው ማወቅ ይማር ብለው በአሥራ ሦስት ዓመቱ የአጋፋሪነቱን ሥራ ለእሱ ሰጡት። ዓመት ከምናምን እንደሠራ አብዮቱ መጣ። መሬቱ ተወረሰ፣ አባቱ ታስረው እዚያው እስር ቤት ሞቱ፣ እናቱም ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ተጠጋች። ጋሽ ይልማም አድጎ ሥራ ሲይዝ ያገኘው ሥራ በሰው በር ላይ መጠበቅ ሆነ። «በአንድ በር ውስጡንም ውጩንም አይቻለሁ» ይለኝ ነበር።

በዚህ ሥራ የሚስተካከለው አልነበረም። ቢሮ ሲደርስ ቀድሞ ሰላም የሚለው ጥበቃውን ነው፤ ስለ ቤተሰቡ ይጠይቀዋል፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይሰማል። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ይከታል። ሰዓቱን የሚያይ ሰው በባለሥልጣኑ ላይ ፍርድ እየሰጠ ነው ብሎ ያምናል። ከምሳ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ጉዳይ አያነሳም። ሲጠራም አይሮጥም፤ ተነስቶ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ ይገባል። እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ። አብሬው በሄድኩ ቁጥር እግሬን ሳወዛውዝ ያይና «እሜቴ፣ ወንበሩ ምን በደለዎት?» ይለኛል።

የሄኖክ ጉዳይ የመጣው እንዲህ በተላመድንበት ጊዜ ነው። ሄኖክ መሬት የሚለካ የድርጅታችን ሰርቬየር ነው፤ ከወንዙ ድልድይ ማዶ ሸሪካት ከሚባለው ሰፈር ካለው ካምፕ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን በአንድ ዓይኑ ጥቁር መጋረጃ የወረደ ያህል ሆነበትና ሐኪም ጋ ሄደ። የዓይኑ የውስጥ ሽፋን እየተላቀቀ ነው፣ በሳምንት ውስጥ አዲስ አበባ ሄዶ ካልተሠራ ዓይኑ ይጠፋል አሉት። በማየት እንጀራውን ለሚበላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር አስቡት። ትኬት ተገኘ፣ ሆስፒታልም ተገኘ፤ ፓስፖርቱ ግን የለም። ፓስፖርቱ ለሥራ ፈቃድ እድሳት ገብቶ አንድ ቢሮ ተቀምጧል። እዚያ የተቀመጠው ደግሞ አንድ የጎደለ ደብዳቤ ስለነበረ ነው። ደብዳቤው የነበረው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ነገ እሰጣለሁ እያልኩ ረስቼዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዘን ከጋሽ ይልማ ጋር ሄድን። የቢሮው ጸሐፊ አምሳ የሞላው የሚመስል፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አስገባና ጠብቁ አለን። ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ቢሮው ተዘጋ። ማክሰኞም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው ብቅ ብሎ «ቡክራ» አለን፤ ነገ ማለቱ ነው። እኔ ያኔ ማበድ ጀመርኩ። ሰው የሚያውቅ ሰው ልፈልግ፣ ለአለቃው ስልክ ላስደውል አልኩ። ጋሽ ይልማ እንደ ልጅ እጄን ያዘና አስቀመጠኝ። በሩን በኃይል የገፋ ሰው ፓስፖርቱን ቢያገኝ እንኳን ለሚቀጥለው ሰው በሩን እንደሚያከብደው ነገረኝ። ልክ ነበር፤ እኔ ግን የሄኖክ ዓይን እንጂ የሚቀጥለው ሰው አልታየኝም። በሆዴ እየጸለይኩ፣ እያለቀስኩም ጭምር ዋልኩ።

ረቡዕ ከረፋዱ ላይ ኃላፊው ራሱ ወደ ግቢው ወጣ። ረጅም ሰው ነው፣ ስልክ እያወራ ነበር። ሲጨርስ ወደ እኛ አየና በጠራ አማርኛ፣ «የዓይኑ ሰውዬ ጉዳይ ናችሁ አይደል? ሰኞ ዕለት አስገባቸው ብዬ ነበር እኮ፤ የት ጠፋችሁ?» አለን። ጋምቤላ ያደገ፣ አዲስ አበባ የተማረ ሰው መሆኑን ኋላ ነው የሰማነው።

ጸሐፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አማርኛውን ባይሰማም ነገሩ ገባው፤ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሰኞ አስገባቸው ተብሎ ነበር፣ ሌላ ሥራ መሃል ሲገባ ረስቶናል። ኃላፊው ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። እኔ አንጀቴ አረረ፤ ሦስት ቀን፣ የሰው ዓይን፣ በአንድ መርሳት። የእኔ መርሳት ሁለት ወር መሆኑ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። ወደ ጎኔ ስዞር ጋሽ ይልማ ፊቱ አመድ መስሏል። ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ» አለ። «ጸሐፊዎ ጠርተውን ነበር። ጆሮዬ ደክሟል፤ ሳልሰማ ቀረሁ።»

ጋሽ ይልማ ከሁለት ክፍል ማዶ ያለ ሹክሹክታ የሚሰማ ሰው ነው። ኃላፊው አንዴ እሱን፣ አንዴ ጸሐፊውን አየና «ግቡ» አለን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፓስፖርቱን ይዘን ወጣን። ጸሐፊው በር ላይ የጋሽ ይልማን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

ፓስፖርቱን ለሄኖክ ልናደርስ በቀጥታ ወደ ሸሪካት ነዳን። ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆምን። ለምን እንደዋሸ ጠየቅኩት።  ወንዙን እያየ ነገረኝ።

አባቱ መሬቱን በትራክተር ለሚያርስ ባለሀብት ሊያከራዩ ወስነው ጭሰኞቹን ልቀቁ ብለዋቸው ነበር። ቱፋ የሚባል ጭሰኛ፣ ቢያንስ ቤቱ ያረፈበት ቁራሽ እንዲተውለት ሊለምን መጥቶ ከበሩ ውጭ ካለው ግራር ሥር ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ይልማ በየቀኑ እየወጣ «ጌታው ሥራ ላይ ናቸው» ይለዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቱ ምን እንደታያቸው እንጃ «ቱፋን አስገባው» አሉት። ያን ዕለት ከኋላ ግቢ አዲስ ፈረስ መጥቶ ነበር። ይልማ አንድ ጊዜ አይቼው ልምጣ ብሎ በዚያው ቀረ። ትዝ ሲለው ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ሮጦ ቢወጣ ግራሩ ሥር ማንም የለም። አባቱ ሲጠይቁት «ብጠራው የለም» አላቸው። እሳቸውም ጉዳዩ አልቸገረውም ማለት ነው ብለው ነገሩን ዘጉት። በሳምንቱ ትራክተሩ የቱፋን ቤት ደረመሰው። ቱፋ ክረምቱን ከነልጆቹ በሰው ቤት ተጠግቶ አሳለፈ።

«በዓመቱ አብዮት ሆነ» አለኝ። «ቱፋን የገበሬ ማህበር ሊቀመንበር አደረጉት። እናቴ ወደ አዲስ አበባ መሄጃ ደብዳቤ ለመለመን እኛን ይዛ ደጁ ሄደች። መቼም ወር ያስቀምጠናል ብለን ስንቅ ይዘናል። ሰውዬው ወዲያው ወጣ። ጥላ ሥር አስቀምጦ ወተት አጠጣን፣ ደብዳቤውን በዚያችው ሰዓት ጽፎ ሰጠን። እኔ ቀና ብዬ አላየሁትም። ተጠርተህ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩህ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ቤቱን ያፈረሰው አባቴ አይደለም እሜቴ፣ እኔ ነኝ።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ እንደ ሰው ዝም ማለት አልችልም። ሰውዬው በሕይወት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እንደማያውቅ ነገረኝ። ለምን እንዳላጣራ ስጠይቀው ደግሞ፣ ከሞተ ነገሩ ከእሱ ጋር እንደሚቀር፣ ካለ ግን መሄድ እንደሚኖርበት ነገረኝ፤ የቱን የበለጠ እንደሚፈራ አያውቅም።

«ዕድሜ ልክህን የሰው ደጅ ስትጠና ኖረህ የዚህን ሰው ደጅ ፈራህ?» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ቆጨኝ። 

ሄኖክ በማግስቱ በረረ። ዓይኑ ተሠራ። በሁለተኛው ሳምንት «ይህን መልእክት በዚያኛው ዓይኔ እያየሁ ነው የጻፍኩት» የሚል ጽሑፍ ሲልክልኝ ቢሮዬን ዘግቼ እልል አልኩ። ኛቦል ምን ሆነች ብላ በሩን ደበደበች።

ከወር በኋላ ጋሽ ይልማ ፈቃድ ጠየቀ። በአሥር ዓመት ውስጥ ለለቅሶ ካልሆነ ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም። ቅጹ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ «ያልደረሰ መልእክት ለማድረስ» ብሎ ጽፎ ነበር። እንዲህ ያለ የፈቃድ ዓይነት የለንምና ሰርዤ የዓመት ፈቃድ ብዬ ሞላሁለት። ሊሄድ ሲል የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ ፈታ፣ እንደገና ቆለፈ። እሱ ሳይጠይቀኝ ጸለይኩለት። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ጸሎቴ ይቀልድብኝ ነበር። ያን ቀን ኮፍያውን አውልቆ አሜን አለ።

አንድ ቅዳሜ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ መሃል ሽንኩርት እየመረጥኩ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የኢትዮጵያ ነው። ጫጫታው ስላላሰማኝ አንዱ ሱቅ ውስጥ ገብቼ ሌላኛውን ጆሮዬን ደፈንኩ።

«አሉ እሜቴ» አለኝ። «ኦቦ ቱፋ በሕይወት አሉ።»

ሰማንያ አልፏቸዋል። ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት፤ ያውም ትራክተሩ ካረሰው፣ ኋላ ደግሞ ከተመለሰላቸው ከዚያው መሬት ላይ። ጋሽ ይልማ ሲደርስ ልጃቸው አባቷ ተኝተው እንደሆነ፣ መጠበቅ እንዳለበት ነገረችው። ሁለት ሰዓት ከደጃቸው ተቀመጠ። ይህን ሲነግረኝ እንደ ምርቃት ነበር የነገረኝ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ሲወጡ ተነስቶ ማን እንደሆነ ተናገረ፤ ከዚያ ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራቸው። ፈረሱን፣ መርሳቱን፣ ለአባቱ የዋሸውን፣ ደብዳቤውን ሲቀበል ዝም ማለቱን።

እሳቸው እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ «ሰምቼዋለሁ እኮ» አሉት።

ጋሽ ይልማ አልገባውም። «የአባትህን ድምፅ አጥር አይከለክለውም ነበር» አሉት። «ቱፋን አስገባው ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ እኔን አያውቁኝም፣ እዚህ መቀመጤን አልነገሯቸውም እያልኩ ነበር ራሴን የማጽናናው። በስሜ ሲጠሩኝ ግን፣ ለካ ያውቁኛል አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያወቁ ነው ያስቀመጡኝ። ከዚያ ወዲያ ልግባ ብል እግሬ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ሄድኩ። አንተ ከፈረሱ ጋ ባትቆይም፣ በሩጫ ደርሰህ ብትጠራኝም አልገባም ነበር።»

ቤታቸው እንደሚፈርስ ያውቁ እንደነበር ጠየቃቸው። አዎ፣ አውቀው እንደሄዱ፣ ሚስታቸውም ለብዙ ጊዜ እንደተቆጣቻቸው፣ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳን ተጸጽተው እንደማያውቁ ነገሩት።

ጋሽ ይልማ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆራረጠብኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። እየሳቀ ነበር። በአምስት ዓመት ትውውቃችን ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሳቁ ከልቅሶ ጋር እየተቀላቀለ አስቸገረው።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያ ሰው በእኔ አፍ የሚኖር ይመስለኝ ነበር» አለኝ። «እኔ ካልጠራሁት የማይገባ፣ እኔ ካላሰናበትኩት የማይሄድ። እሳቸው ለካ በእግራቸው ሄደዋል። አዩ እሜቴ፣ አባቴን አብዮቱ ሻራቸው። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሻረኝ አልነበረም።»

ሱቁ በር ላይ ቆሜ እንባዬን በመዳፌ ጠረግኩ። ባለሱቁ ሰው የሞተብኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ።

«እንኳን ተሻርክ ጋሽ ይልማ» አልኩት።

«አሜን» አለኝ። ከበስተኋላው የሴት ድምፅ ይሰማኛል። «ልዝጋው እሜቴ፤ ግባ እያሉኝ ነው።»